የሐረጎ ወሬ

ከሪማን ከፍሪጁ ቀጥለው ቆጠሯት። ሌላ ሰው ቢነግራት «ወሬኛ» ብላ ታባርረው ነበር፤ ግን በገዛ ጆሮዋ ሰማች። ሊለቁት ባለው የደሴ ቤታቸው ጓዳ ቁጭ ብላ ብርጭቆ በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ሳሎን ውስጥ ባሏ ጀማሉዲን የስልኩን ድምፅ ለቆ፣ ናዝሬት ከሚኖረው ልጃቸው ከሂሻም ጋር የሚጫነውን ዕቃ ይመዘግባል። ልጅ ይጠራል፣ አባት «አለ» ይላል። «ቁም ሳጥን።» «አለ።» «የሳሎኑ ሶፋ።» «አለ።» «ፍሪጅ።» «አለ።» «እማዬ፣» አለ ሂሻም ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፣ «እማዬ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን፤ ቲኬቷን እኔ እቆርጣለሁ። መኪናው ግን አባባ፣ እዚያው ይሸጥ። ለአንድ አሮጌ ፔጆ ብለን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ነዳጅ አናቃጥልም።»

ጀማሉዲን ጉሮሮውን ጠረገ። መኪናዋ አትሸጥም አለ። ዕቃው በጭነት ይሄዳል፣ መኪናዋን እሱ ራሱ ይነዳታል፣ እናትህም ከኔ ጋር ናት አለ። ሂሻም፣ እሺ አንተ ንዳ፣ የደም ግፊት ያለባትን ሴትዮ ለምን ታንገላታታለህ ብሎ ቢጠይቀው፣ «ከኔ ጋር ናት አልኩህ እኮ!» ብሎ ጮኸ።  ከሪማ ሌላ ብርጭቆ አንሥታ መጠቅለሏን ቀጠለች። ስለ እሷ እንዲህ ሲጣሉ አንዳቸውም «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላሏትም። ቢሏትስ ምን ትመልሳለች? ጀማሉዲን ያለ እሷ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መንዳት እንደማይችል በዚህ ዓለም ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሰውየው አያይም።

ፈጽሞ አያይም ማለት አይደለም። ግራ ዓይኑ ከሄደ ቆይቷል፤ ቀኙ ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ያያል። የዛሬ ሁለት ዓመት ለዓይኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዶ ሲመለስ «ምን አሉህ?» ብትለው «ጠብታ ሰጡኝ» ብሎ ዘጋው። በሳምንቱ ሻዩን ከስኒው ውጪ ቀዳ። በወሩ የጎረቤታቸው የየምስራች ካፖርት ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳለ «እንዴት አደርሽ?» ብሎ ሰላም አለው። ከሪማ አየችና ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ጀማሉዲን አርባ ዓመት የደሴ ኮምቦልቻን መንገድ በታክሲ የተመላለሰ ሰው ነው፤ «አታይም» ከምትለው «ሞተሃል» ብትለው ይቀለዋል። አንድ ክረምት በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ በሬ ገብቶባቸው «በሬ!» ብላ ብትጮህ ፍሬኑን ያዘ፣ በሬውም ተረፈ፤ ጀማሉዲን ግን ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፎ አላናገራትም። ከሪማ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጮኹን ተወችና ማውራት ጀመረች።

ወሬዋን የሰማ እንግዳ፣ ይቺ ሴትዮ አፏ አይዘጋም እንዴ ይላል። ባጃጅ ከቀኝ ሲገባ «ይሄ ደግሞ የት ሊደርስ ነው እንዲህ የሚክለፈለፈው?» ትላለች። በግ አስፋልቱን ሲሞላው «ሰውየው በጎቹን ለቆ ስልኩን ያወራልኛል፣ ወይ ጉድ!» ትላለች፤ ጀማሉዲን ቀስ ብሎ ማርሽ ይቀንሳል። የሐረጎ ኩርባዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ታሪክ አላቸው። ገና ከላይ ያለው፣ መዲና የምትባል ዘመዳቸው ደሴ ሆስፒታል ሳትደርስ እዚችው ፔጆ ውስጥ የወለደችበት ነው። ከሱ በታች ያለው የቢስቲማው ሙሽራ ሚዜዎቹ ላይ ያስመለሰበት፣ ከዚያ የሚቀጥለው ፍሬን እምቢ ብሎ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የተባለበት ነው። ከሪማ «መዲና ያን ቀን እንዴት ጮኸች በነቢ!» ብላ ስትጀምር መሪው ወደ ግራ ይዞራል፤ ወደ ሙሽራው ስታልፍ ወደ ቀኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ወጡ፣ እንዲህ ወረዱ። ስለ ጉዳዩ ግን አንድ ቀን አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። እንዲያውም ቤት ከገቡ ምንም አይነጋገሩም። ልጆቹ ወጥተው ካለቁ ወዲህ ቤቱ ዝም ያለ ቤት ነው፤ እሱ ሬዲዮኑን ይከፍታል፣ እሷ ልብስ ታጥፋለች፣ ምሳ ሲደርስ «ቢስሚላህ»፣ ሲያልቅ «አልሐምዱሊላህ»፣ አለቀ።

ሐረጎ እሺ፣ እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ከኮምቦልቻ ናዝሬት ግን ማን ያውቀዋል? የሐርቡን ከተማ ካለፉ በኋላ ለየትኛው ኩርባ የምን ወሬ አላት? ቤቱን የገዛው ነጋዴ በወሩ መጨረሻ ቁልፍ ይቀበላል። ከሪማ የመጨረሻውን ብርጭቆ ካርቶን ውስጥ አስገብታ ወደ ሳሎን ወጣች። ግድግዳው ላይ ፎቶዎቹ የተነሡበት ቦታ ነጭ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። ጀማሉዲን የዘጋውን ስልክ እንደያዘ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። «ኮምቦልቻ ወርደን ደምለውን እናናግረው፣» አለችው፣ «የጭነት መኪና የሚያገናኝ እሱ ነው አሉ።» ልቧ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው፤ መኪናዋንም ጭምር የሚጭን ከተገኘ፣ ዋጋውም ደህና ከሆነ፣ ሳትናገር ሳታዋርደው ነገሩ በራሱ ይፈታል። ጀማሉዲን «እሺ» አለና ቁልፉን አነሣ።

ደምለው ከጭነት መኪኖቹ መቆሚያ አጠገብ፣ ላስቲክ በተወጠረበት ጥላ ሥር ሦስት ስልክ ይዞ የሚቀመጥ ወፍራም ሰው ነው። ወንበር ጠርጎ ሰጣቸው፣ ለስላሳ አዘዘላቸው፣ ከዚያ ዋጋውን እንደ መንዙማ በአንድ ትንፋሽ ይለው ጀመር። ዕቃው ብቻ በአይሱዙ ከሆነ አርባ ሁለት ሺህ፣ ጫኝና አውራጅ ሳይጨምር። መኪናዋን የሚነዳ ሹፌር ከተፈለገ አበሉን፣ ነዳጁን፣ የመልስ ትራንስፖርቱን ጨምሮ ሠላሳ ሺህ። «ወይም ደግሞ፣» አለና በእጁ ጠራ፣ «አግማስ አለላችሁ።» አግማስ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ያለው ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከናዝሬት ብረት ጭኖ መጥቶ አራግፏል፤ ባዶውን ከሚመለስ ሁለቱንም በሃምሳ አምስት ሺህ ይወስዳል። ተሳቢውን እዚህ ትቶ በዋናው መኪና ዕቃውን ከደሴ ያወርዳል፤ ፔጆዋን ደግሞ ተሳቢውን ከመቆሚያው ዳር ካለው የአፈር ቁልል አስጠግቶ ተሳቢው ላይ ያወጣታል። እየዞረ አያት። መከላከያዋን በመዳፉ ዳበሰ። «አራት ጎማዋን በሰንሰለት አስሬ እንደ እንቁላል አደርስልዎታለሁ፣ አባቴ፣» አለ።

ከሪማ ውስጧ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? ሹፌርም አያስፈልግ፣ ነዳጅም የለ፣ እነሱም አብረው በአንድ ባስ ይሄዳሉ። ጀማሉዲን ግን ራሱን ነቀነቀ። ዕቃውን ብቻ ውሰድ አለው፣ መኪናዋን እኔ ነኝ የምነዳት። ደምለው እንደ ደላላ ወጉ ሊያግባባው ሞከረ፤ ርቀቱን ነገረው፣ ሙቀቱን ነገረው፣ ዕድሜውን በጨዋ ቋንቋ ጠቀስ አደረገለት። ይባስ ብሎ ሞገደኛ አደረገው። «እኔ ይቺን መኪና ስነዳ አንተ በጀርባ ታዝለህ ነበር!» አለው። ደምለው ሳቀና ወደ ከሪማ ዞረ፤ «እርስዎስ እማማ፣ ምን ይላሉ? ከእርሳቸው ጋር ያን ሁሉ መንገድ ይችሉታል?»

አግማስም ዞሮ አያት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ «አያይም» ብትል ያበቃል። ጀማሉዲን ፊቱን ወደ ደምለው ድምፅ አቅንቶ ጠበቀ፤ ነጭ ኮፊያውን፣ በጥንቃቄ የተላጨ አገጩን፣ በግራ በኩል ያመለጠችውን ትንሽ ጺም አየች። በሁለት ባዕድ ሰው ፊት፣ በጭነት መኪና መሐል፣ እንዴት አድርጋ ታዋርደው? «እሱ እንዳለው ነው፣» አለች። ጀማሉዲን ቀብዱን ቆጥሮ ለዕቃው ብቻ ከፈለ፣ አግማስም ከነገ ወዲያ ጠዋት ደሴ እመጣለሁ ብሎ ተሰናበተ። ከሪማ ወደ መኪናዋ ሄደች። ፈሪ ነኝ፣ አለች ለራሷ፣ ለገዛ ባሌ ሞት ፈርሜ ወጣሁ።

ወደ ደሴ ሲመለሱ በኮምቦልቻው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር በኩል አለፉ። ሰዓቱ የፈረቃ መውጫ ሆኖ ልጃገረዶቹ በጋውናቸው ላይ ነጠላና ሒጃባቸውን ጣል እያደረጉ እንደ ወንዝ ይፈሳሉ። ከሪማ እዚያ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ክር ስትቀጥል ኖራለች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ምኑም አልተለወጠም! አጥሩ ያው፣ ከበሩ ግራ ያለው ዛፍ ያው፣ ምሳ ዕቃ እያንኳኩ መሳቁም ያው። ከመሐላቸው አንዷ፣ ፀጉሯ ላይ ጥጥ ብን ብን ያለባት፣ ጓደኛዋን ክንዷን ይዛ አንድ ነገር ሹክ ትላታለች። ከሪማ ያንን የጥጥ ብናኝ ማታ ማታ እናቷ እንዴት ትለቅምላት እንደነበር ትዝ አላት። ፋብሪካው ጆሮዋን ከደፈነው በኋላ ደጅ ስትወጣ የነበረው ጸጥታ ትዝ አላት። ልቧ ቀለጠ። አንድ ትንፋሽ፣ ቢበዛ ሁለት ትንፋሽ ያህል ነው ዝም ያለችው።

ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ጩኸት። ጀማሉዲን ፍሬኑን ረግጦ ከሪማ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጨች። ቀና ስትል ጥጥ ፀጉሯ ላይ ያለባት ልጅ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ምሳ ዕቃዋ እየተንከባለለ ይሄዳል። ከሪማ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ልጅቷን ይዛ ጉልበቷን፣ ክንዷን፣ ራሷን ዳበሰች። ደህና ናት፤ የመኪናዋ ጎን ምሳ ዕቃውን ነው የመታው፣ እሷ ደንግጣ ነው የወደቀችው። ደህና መሆኗን ስታውቅ ልጅቷ ተነሥታ ኮፈኑን በጥፊ መታች። «አባቴ፣ አያዩም እንዴ!» ሰው ተሰበሰበ። ጀማሉዲን በሩን ከፍቶ ወረደ፤ መኪናዋን ተደግፎ መጣና እጁን ዘረጋ። «አፉ በይኝ ልጄ፣ አፉ በይኝ፣» ይላል። የተዘረጋው እጅ ግን ልጅቷ ወደሌለችበት ነው፤ ባዶ አየር ላይ ትከሻዋን ይፈልጋል።

ልጅቷ እጁን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ከዚያ ከሪማን አየቻት። ንዴቷ ሁሉ ከፊቷ ላይ ወርዶ ሲሄድ ከሪማ አየችው። ቀስ ብላ ተጠግታ እጁን ያዘችለት፤ «አብሽር አባቴ፣ ምንም አልሆንኩም፣» አለች። ጓደኛዋ ጎኑ የገባውን ምሳ ዕቃ አምጥታ ሰጠቻት፤ ከሪማ ለመክፈል ቦርሳዋን ብትከፍት «ኧረ በአላህ!» ብላ እጇን መለሰችባት። ከመሄዷ በፊት ወደ ከሪማ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እናቴ፣ አያስነዷቸው፣» አለቻት። እንግዳ የሆነች የሰው ልጅ፣ በአንድ ደቂቃ፣ እሷ ሁለት ዓመት ያቃታትን ቃል አውጥታ ሄደች።

ሁለቱም መኪና ውስጥ ተመልሰው ገቡ። ጀማሉዲን ሞተሩን አስነሣ፣ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ጠበቀ። ከሪማ ዝም አለች። ሰዉ ተበተነ፣ ባጃጅ በግራም በቀኝም አለፈ፣ ከሪማ ዝም። «በይ እንጂ፣» አለ። ዝም። «አውሪ እንጂ፣ ከሪማ።»

«አላወራም።»

«ታዲያ ሐረጎን እንዴት ልወጣው ነው?»

ከሁለት ዓመት በኋላ ተናገረው። ከሪማ እንባዋ መጣ፣ ግን አልጠረገችውም። «አትወጣውም ጀማል። ዛሬ ልጅ ገድለን ነበር። አንተ ብቻ አይደለህም፣ እኔም ነኝ፤ የድሮዬን ሳይ ዓይኔን ከመንገድ አነሣሁ። ዓይንህ አላለቀም፣ አሁንም ጀግና ሹፌር ነህ እያልኩ በወሬ ያታለልኩህ እኔ ነኝ። መኪናዋ አግማስ ጋ ትጫን። አዋረደችኝ ብለህ ዕድሜህን ሙሉ ብታኮርፈኝም አኩርፈኝ፤ እችለዋለሁ።»

ጀማሉዲን ሞተሩን አጠፋ።  «መኪናዋማ ትጫን፣» አለ በመጨረሻ፣ «የጨነቀኝ መኪናዋ አይደለችም።» አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ወሬ ብቻ መስሎሽ ነው? እያንዳንዷን እኮ እየጠበቅኩ ነው የምነዳው። ቤት ስንገባ ዝም እንላለን ከሪማ። ስንት ዓመት ዝም ብለን ኖርን። ዓይኔ ሲጠፋ ነው ያወራሽኝ። ጠዋት እየተነሣሁ፣ ኮምቦልቻ ጉዳይ አለኝ የምልሽ ምን ጉዳይ ኖሮኝ ነው? አንድ ጉዳይ እንኳ የለኝም! ናዝሬት ድረስ እነዳለሁ ያልኩት፣ ያን ሁሉ ሰዓት ታወሪኛለሽ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ቤት ገብተን፣ እኔ አንድ ወንበር፣ አንቺ አንድ ወንበር። መንገዱ ሲያልቅ ምን ልትይኝ ነው?»

ከሪማ ኮምቦልቻ ድረስ ተወርዶ ሦስት ሎሚ ተገዝቶ የተመለሰበት ቀን ትዝ አላት፤ ጎማ ለማስነፋት ተብሎ፣ የሞተ ሰው ለመጠየቅ ተብሎ፣ ያልሞተም ለመጠየቅ ተብሎ። ያን ሁሉ ጊዜ የግትር ሽማግሌ እልህ ነው ስትለው ኖራለች። የዋህ ነኝ፣ አለች፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሬው ተኝቼ ባሌን አላውቀውም። እጁን ከመሪው ላይ አነሣችና በሁለት እጇ ያዘችው። መንገድ ላይ፣ በቀን፣ ሰው እያየ፤ ድሮ ቢሆን ታፍር ነበር።

ደምለው ጋ ደወለች። አግማስ ራሱ በእግሩ መጣ፤ አልጠየቀም፣ ምክንያትም አልፈለገ። ጀማሉዲን ቁልፉን ሲሰጠው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ታንገራግራለች፣ በግድ አትበላት አለው። መኪናዋ ስትሄድ ፊቱን ወደ ድምፅዋ መልሶ፣ ድምፁ ከሌላው ድምፅ ጋር እስኪቀላቀል ቆመ። ከሪማ ክንዱን ያዘችውና ወደ ሚኒባሶቹ ወሰደችው። ረዳቱ «ደሴ ሁለት ሰው! ደሴ ሁለት!» ይላል፤ እነሱ ገቡና ሞላ። ከኋላ ወንበር፣ እሱ መስኮት፣ እሷ ከጎኑ። ሂሻም ደወለ። «ቲኬቱን ቆርጠህ እንደሆነ መልሰው፣» አለችው፣ «ከአባትህ ጋር በባስ ነው የምንመጣው» ብላ ዘጋችው።

ሐረጎ ጀመረ። ወጣቱ ሹፌር እየፈጠነ ይታጠፋል። አንድ ኩርባ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፤ ጀማሉዲን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፣ ከሪማ ዝም ብላለች። መንገዱ የሷ አይደለም፣ ማንም አይጠብቃትም። የምታወራው ነገር ፈለገች። የቤት ሸቀጥ? የልጆች ነገር?  እውነትም መንገዱ ሲወሰድባት ምንም የላትም ማለት ነው? ጀማሉዲን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያኔ ከሪማ ማንም ሳያውቅባት የኖረች አንዲት ነገር እንዳለች ታወቃትና፣ ሳታስብበት አወጣችው።

«ጀማል።»

«አቤት።»

«ገና ሳንጋባ፣ ፋብሪካ ስገባ፣ የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆንኩ ሰርቪሱ አይጭነኝም ብዬህ አልነበር? ለዚያ እኮ ነው በየቀኑ በአንተ ታክሲ የምመላለሰው ያልኩህ።»

«አዎ። አንድ ብር ከሃምሳ።»

«ውሸቴን ነው። ሰርቪሱ ይጭነኝ ነበር። በነፃ። ከበሩ ላይ ስሜን እየጠሩ ይፈልጉኝ ነበር፤ እኔ ከዛፉ ጀርባ ተደብቄ የአንተን መኪና እጠብቃለሁ። ከደሞዜ ግማሹ በአንተ ኪስ ነው ያለቀው።»

ጀማሉዲን ከመስኮቱ ዞረ። «ወላሂ በይ?»

«ወላሂ።»

«እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳልምርሽ ሒሳብ ስቀበልሽ ኖርኩ!» አለና መሳቅ ጀመረ። ከልቡ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ዞረው አዩአቸው። ሳቁ ሲበርድለት ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ጆሮውን ሰጣት። «እሺ፣» አለ፣ «ከዛፉ ጀርባስ? ምን ለብሰሽ ነበር?» ከሪማም መናገር ጀመረች።